በእናቱ በኩል የማን ነው?

ያኔ ማልቀስ አቁሜ ነበር። ወስኜ አይደለም፤ እንደ ከተማችን ቧንቧ ዝም ብሎ ቆመ። ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ንፍሮ ሲሰጡኝ እበላለሁ፣ ተነስቼ እወጣለሁ። ሰው ሲስቅም አብሬ ጥርሴን አሳያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። አሁን የማወራላችሁ ነገር ውስጥ የገባሁት በደግነት ወይም በድፍረት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። እምቢ ማለት ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ጉልበት አልነበረኝም።

ጋምቤላ የመጣሁት ከመቱ ነው። ባለቤቴ ዳዊት እዚያ አስተማሪ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሳያለቅስ ተወለደ። በቀዶ ጥገና ስለነበር እኔ ገና ሳልነቃ ወስደው ቀበሩት። ስነቃ አልጋዬን ከብበው የቆሙት ዘመዶች ሁሉ አንድ ቃል ተማክረው ጠበቁኝ። «አትጠይቂ። ልጅ ነሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ። እኔም አልጠየቅኩም። ወንድ መሆኑን እንኳ ያወቅኩት አንዷ ነርስ ካመለጣት ቃል ነው። ጊዜ አልፎ ጋምቤላ የዓሣ ምርምር ላይ ክፍት ቦታ ሲወጣ ተወዳድሬ መጣሁ። ዳዊት አትሂጂ አላለኝም። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን፤ እሱ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ እኔ ስለ ሙቀቱ እናወራና እንዘጋለን። ትዳራችን አልፈረሰም፤ ቆሟልም አይባልም።

ሥራዬ ናይል ፐርች ነው። ለማታውቁት፣ ሰው የሚያክል ዓሣ ነው። ፈረንጆች በዘንግ አጥምደው፣ አቅፈው ፎቶ ተነስተው፣ መልሰው ወንዝ ለመልቀቅ ብቻ ባሕር አቋርጠው ይመጡ ነበር። አሁን ባሮ ላይ ትልቁን ማየት ብርቅ ሆኗል። መረቡ በዛ፣ የመረቡ ቀዳዳ ጠበበ፣ ዓሣው ሳይራባ ይበላል። እኔ ከየዓሣው ክንፍ ጫፍ የጥፍር ያህል ቆርጬ፣ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ። እዚያ ዘረመሉ ይታያል። የተረፉት ዓሦች ከብዙ እናቶች የመጡ ናቸው ወይስ ከጥቂቶች? ከጥቂቶች ከሆኑ ያሰጋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል።

እንግዲህ ይህን ለዓሣ አጥማጅ እንዴት ትነግሩታላችሁ? «ዘረመል» ብል ማን ይሰማኛል! ስለዚህ ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ በአጭሩ እንዲህ አልኳቸው፤ «ከዚህች ቁራጭ እናቱን አውቃለሁ። አባቱ ያስቸግራል። በእናቱ በኩል ግን የማን እንደሆነ ይታወቃል።»

«አባትማ ድሮም ያስቸግራል» አለ አንዱ፣ ሳቁ።

የመሥሪያ ቤታችን ጀልባ ነጂ ኦጁሉ ነው የሚያስተረጉምልኝ። አኙዋ ነው፤ ጋምቤላ ተወልዶ ጋምቤላ የተማረ፣ አማርኛው የእኔን የሚያስንቅ፣ ነገረኛ። እሱ ወደ አኙዋኛ ሲመልሰው ምን እንደጨመረበት እንጃ፣ ይበልጥ ሳቁ። ከሁሉም የሳቀው ኦባንግ የሚባል ወጣት አጥማጅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዓሣ ክንፍ በቅጠል ጠቅልሎ ባመጣልኝ ቁጥር «ይሄስ የማን ልጅ ነው?» ይለኛል። እኔም «እናቱን ጠይቄ እነግርሃለሁ» እለዋለሁ። ጋምቤላ ውስጥ የነበረኝ ጨዋታ ይኸው ነው።

ክረምት ገብቶ ባሮ በሞላ ጊዜ ኦባንግና ወንድሙ ኦሞት የወጡበት ታንኳ ተገለበጠ። ታንኳው ተገኘ። እነሱ አልተገኙም። ወንድሙ ስል በአባት ነው። ከሞተ የቆየው አባታቸው ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ ኦሞት የትልቋ የአኬሎ፣ ኦባንግ የትንሿ የአሪየት ልጅ ነው። ለሁለቱም እናቶች ሌላ ወንድ ልጅ የለም። ለቅሶ ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ። ኦባንግን እወደው ነበር። ግን ምንም አልተሰማኝም፤ ስወጣ የማስበው ጫማዬ ላይ ስላለው ጭቃ ነበር።

ሰንበትበት ብሎ ወሬ መጣ። ከኢታንግ ከተማ በታች ወንዙ አንድ ሬሳ አውጥቷል፣ ያገኘው ሰውም በሙቀቱ ምክንያት እዚያው ዳር ቀብሮታል ተባለ። አንድ ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ኒውላንድ ሰፈር ከተከራየኋት ቤት ስወጣ ሁለቱ እናቶች ደጃፌ ላይ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኦጁሉ አጠገባቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አሪየት ገበያ ዓሣ የምትሸጥ ስለሆነች አማርኛ ትችላለች። በገበያው አማርኛ ደግሞ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው፤ ለምጄዋለሁ።

«አንተ ከዓሣ ቆርጠህ እናቱን ታውቃለህ» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«አዎ» አልኩ። ወዴት እንደምታመራ አልገባኝም።

«ኢታንግ የተቀበረው ልጅ፣ አባቱ አንድ ነው። እሱን እናውቃለን። አንተ ቁረጥና እናቱን ንገረን።»

ኦጁሉን አየሁት። «ልብሱስ?» አልኩት።

«ሁለቱም ያው ሰማያዊ ቁምጣ ነው። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የገዙት። ቁመታቸውም እኩል ነው። ፊቱ ደግሞ…» አለና ተወው። «እኔ ነግሬያቸዋለሁ፣ ዶክተር። ይሄ ለዓሣ ነው ብያቸዋለሁ። አንቺ ራስሽ የተናገርሽውን ነው የመለሱልኝ።»

ዶክተር አይደለሁም፤ ሲያበሽቀኝ ነው እንዲህ የሚለኝ። ያን ቀን ግን ሊያበሽቀኝ አልነበረም።

አኬሎ አማርኛ አትናገርም። ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሳችም፣ ያ የሚቆርጠው እጅ ይኸ ነው በሚል ዓይነት። ያኔ እውነቱን ተናግሬ ልመልሳቸው ይገባኝ ነበር። ግን ቁጭ ብሎ ማስረዳቱ፣ ከዚያ ሲያለቅሱ ማየቱ፣ ከዚያ ማጽናናቱ ታየኝና ደከመኝ። «እሺ» አልኩ። ተመልሼ ገብቼ መቀሱን፣ ጓንቱን፣ ብልቃጦቹንና የበረዶ ሳጥኑን አወጣሁ። እግረ መንገዴን ለማውቀው ፖሊስ ደወልኩለት። ቤተሰብ ካመለከተና ከተፈቀደ መቃብሩ ይከፈታል፣ ናሙናውም አዲስ አበባ ይላካል አለኝ። «ይቆያል እንጂ ይታወቃል» አለ፤ ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ፣ ለአካባቢው ሰዎችም መምጣታችሁን እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ዘጋ።

ኦጁሉ ጀልባውን ሊያዘጋጅ ሲል አኬሎ ወንዙ ላይ አልወጣም አለች። ስለዚህ በሚኒባስ ሄድን። መኪናው ሰው በሰው ላይ ነው፤ እኔ የበረዶ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከአሪየት ጎን ተጣበቅኩ። ከፊታችን የተቀመጠ ኢታንግ ሱቅ ያለው ሰውዬ ዞር አለና ሳጥኑን አይቶ ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ዓሣ ነው? አንድ ደህና አስቀሪልኝ እንጂ።»

ምን እንደምመልስለት ሳስብ አሪየት ቀደመችኝ። «ዓሣ አይደለም። ልጃችንን ነው የምናየው። ውሃ የበላውን።»

ሰውዬው ቆቡን አወለቀ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ የሐዘን ቃሉን ተናገረና ተነስቶ አኬሎን በእሱ ቦታ መስኮቱ ጋ አስቀመጣት። እሱ እስከ ኢታንግ ድረስ ጎንበስ ብሎ ቆመ። የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ መገንጠያን ስናልፍም፣ ሰዎች ሲወርዱና ሲሳፈሩም፣ ቦታ ሲለቀቅለት አልተቀመጠም።

አሪየት ወደ ጆሮዬ ቀረብ አለች። «ትናንት የእኔ አይሁን አልኩ» አለችኝ። «የእኔ ካልሆነ ምናልባት አለ፣ በሕይወት አለ አልኩ። ሌሊቱን አሰብኩ። ዛሬ የእኔ ይሁን እላለሁ።»

«አኬሎስ?» አልኳት።

«እሷም እንደዚያ ነው። አልነገረኝም። አውቃለሁ።»

እንዲህ ያለውን ቃል የሰማ ሰው እጇን ይይዛል። እኔ ግን የሳጥኑን ክዳን በትክክል መዝጋቴን አየሁ። ተዘግቷል።

ኢታንግ ወርደን ብዙ በእግር ሄድን። ሣሩ ወገብ ያደርሳል፣ ሙቀቱ ከታች እየተነሳ ይጠብሳል። ሬሳውን ያገኘው ሰውዬ ሸምገል ያለ ከብት ጠባቂ ነው፤ እየመራ ወሰደን። መቃብሩ ከወንዙ ፈቀቅ ያለ ከፍታ ላይ ነው፣ ላዩ ላይ እሾህ ተከምሮበታል። ሰውዬው አንድ ነገር ተናገረ።

«ከብቶቼ እንዳይረግጡት ብዬ ነው እሾሁ» ሲል ኦጁሉ ተረጎመው። «የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ወንዝ ያመጣው ሰው ነው ብዬ አሳረፍኩት ነው የሚለው።»

ሁለቱ እናቶች ሰውዬውን እጁን ያዙት። አንዷ ግራውን፣ አንዷ ቀኙን። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። ኦጁሉ እሾሁን አንስቶ ወደ ጎን አደረገና አካፋውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጓንቴን አጥልቄ፣ መቀሱን አውጥቼ፣ አንድ ብልቃጥ ይዣለሁ። ብልቃጡ ላይ መጻፍ አለብኝ። ለዓሣ ቢሆን የተያዘበት ቦታና ርዝመቱ ነው የሚጻፈው። እስክሪብቶውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ የምጽፈው ነገር ጠፋኝ።

አኬሎ ተናገረች። ኦጁሉ ቶሎ አልተረጎመውም።

«ምን አለች?»

«ሲቆረጥ ያመዋል ወይ ትላለች።»

«አያመውም በላት።»

ነገራት። መለሰች። «እንዴት ታውቂያለሽ? ትላለች።»

እስክሪብቶውን ኪሴ ከተትኩ። ይሄኔ ነው እንደምንም ብዬ የተናገርኩት። «ከመቆፈሩ በፊት ስሙኝ። እኔ አላውቀውም። የእኛ መሣሪያ ለዓሣ ብቻ ነው። ግን ፖሊስ አዲስ አበባ ይልከዋል። ከእናንተም ከአፋችሁ ትንሽ ምራቅ ተወስዶ ይመሳከራል። ይቆያል። ቢሆንም ይታወቃል።»

«እውነት ይታወቃል?» አለች አሪየት።

«እውነት ይታወቃል።»

አኬሎ እያሰበች፣ እያቋረጠች ጠየቀች፤ ኦጁሉም እየተከተለ ተረጎመ። «ኦባንግ ነው ከተባለ፣ ኦሞት የት ነው ትላለች።»

«አይታወቅም።»

«ኦሞት ነው ከተባለስ፣ ኦባንግ?»

«እሱም አይታወቅም» አልኩ።

ሁለቱ ሴቶች እርስ በርሳቸው ማውራት ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር፣ ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ አሪየት ተነስታ ወንዙ ጋ ሄዳ ተመለሰች፤ አኬሎ መሬቱን በመዳፏ መታችው። የሚጣሉ መሰለኝ። ኦጁሉ አልተረጎመልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። መቀሱን ይዤ ቆሜያለሁ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ አሪየት ወደ እኔ መጥታ እጄን ከነመቀሱ ያዘችው።

«ተወው» አለችኝ። «አትቁረጥ።»

«ለምን?»

«አሁን ሁለት እናት መጣ። አንተ ከቆረጥክ አንድ እናት መቃብር ይዞ ይመለሳል፣ አንድ እናት ባዶውን ይመለሳል። እኔ እሱን አልፈልግም፣ እሷም አትፈልግም። ኦሞት እኔ ቤት በልቶ ነው ያደገው። ኦባንግ እሷ ቤት ነው የሚተኛው። ይሄ የሁለታችን ይሁን።»

ኦጁሉ አላስቻለውም። «ኧረ እውነቱ ቢታወቅ አይሻልም?» አላት በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው መሰለኝ።

«እውነቱን አወቅን እኮ» አለችው። «ሁለቱም ሞተዋል።»

ኦጁሉ አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጓንቱን አወለቅኩና ብልቃጡን ባዶውን ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ኦጁሉ እሾሁን እየመለሰ ሲከምር ሽማግሌው ከሌላ ቦታ ጨምሮ ይጎትትለታል። እኔ ለመሄድ ቆሜ ስጠብቅ አኬሎ ቀና ብላ አየችኝና ጠየቀች።

«ልጅ አለሽ ወይ ትልሻለች» አለ ኦጁሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን የለኝም ብዬ አልፍ ነበር። «ነበረኝ» አልኩ።

«የት ነው ያረፈው?»

«አላውቅም።»

ኦጁሉ ሳይተረጉም ወደ እኔ ዞረ። አብረን ስንሠራ ይህን አልነገርኩትም። «ምን ማለት ነው አላውቅም?» አለኝ ራሱ።

«አላውቅም ማለት ነው። ሳልነቃ ወስደው ቀበሩት። አትጠይቂ አሉኝ፣ አልጠየቅኩም። በቃ።»

ተረጎመላት። አኬሎ አፏን በመዳፏ ያዘች። ልጇን ወንዝ የወሰደባት ሴት፣ የገዛ ልጇ መቃብር ፊት ተቀምጣ ለእኔ ደነገጠች። በዚያ ዓመት ውስጥ መጀመሪያ አንድ ነገር ያመመኝ ያኔ ነው፤ እዚህ፣ ደረቴ ላይ። ሁለቱ አጭር ነገር ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሁለቱም ጠጋ ጠጋ አሉና በመሃላቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና፣ ተቀመጥ» አለችኝ አሪየት። «ለሁለት ከበቃ ለሦስትም ይበቃል።»

ተቀመጥኩ። እነሱ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ቢሆንም አልተነሳሁም። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ባዶውን ሳጥን ታቅፌው መጣሁ።

ከተማ እንደገባን፣ ቤቴ ሳልደርስ፣ ባሮ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ለዳዊት ደወልኩ። ስለ ሙቀቱ አላወራሁም።

«ዳዊት፣ ልጄን የት ነው የቀበራችሁት?»

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁት።

«እኔ አልሄድኩም» አለ። «አጎቴ፣ አባባ ተሰማ ናቸው የወሰዱት። አንተ ከሚስትህ አጠገብ አትነሳ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጠይቃቸው ፈራሁ። አንቺም አልጠየቅሽም… ባነሳብሽ ትሰበሪያለሽ ብዬ ነው፣ በማርያም።»

ለካ እሱም አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ደብቆኝ መስሎኝ በልቤ ቂም ይዤበት ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ «አትጠይቂ» የተባለች ሴት ካለች፣ እባካችሁ ትጠይቅ። ክፋት ነው አልልም፤ ለማዳን ብለው ነው። ግን ያልተጠየቀ ነገር አይሞትም፤ ያልጠየቀውን ሰው ነው ቀስ እያለ የሚያደነዝዘው። ስለ ሴቶቹ ውሳኔ ደግሞ የተማሩ ጓደኞቼ ይሟገቱኛል። «አንቺ ሳይንቲስት ነሽ፣ እንዴት ዝም አልሽ?» ይሉኛል። እኔ ሥራዬን አልተውኩም። ዛሬም ባሮ ዳር ክንፍ እቆርጣለሁ፣ እናቶቹን እፈልጋለሁ። ጥቂት መሆናቸው ከታወቀ ለተረፉት ዓሦች መረቡ ይሰበሰባል፣ ወንዙ ያርፋል ብዬ ነው። የምቆርጠው ለተረፉት ስል ነው። እነዚያም ሴቶች እዚያ ቁጭ ብለው ያሰቡት ለተረፉት ነው፤ የተረፉት ደግሞ እነሱ ሁለቱ ናቸው። ለአጥማጆቹ የምሰጠውን ማብራሪያ ግን ቀይሬዋለሁ። «ለዓሣ ብቻ ነው» የምትል ቃል ጨምሬበታለሁ። «ይሄስ የማን ልጅ ነው?» የሚለኝም የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ከዚያ በኋላ ባገኘሁት የመጀመሪያ ፈቃድ መቱ ወጣሁ። ከዳዊት ጋር አባባ ተሰማን ይዘን ሄድን። ልጁ ስላልተጠመቀ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው የተቀበረው፤ ሽማግሌው በከዘራቸው ሣሩን እየገለጡ መሩን። ከአጥሩ ሥር፣ ዛፎቹ መሃል፣ ትንንሽ የአፈር ጉብታዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ድንጋይ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ ምንም የለም። አባባ ተሰማ አንዱ ጋ ቆሙ። ከዚያ ወደ ሌላው ሄዱ። ከዚያ ተመለሱ።

«ይሄኛው ይመስለኛል» አሉ። «ወይስ ያኛው… ልጄ፣ ያን ቀን ዝናብ ነበር። ዓይኔም ደክሟል። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ዳዊት ደሙ ፈላ። «እንዴት አንድ ድንጋይ እንኳ ምልክት አያስቀምጡም?» ብሎ ጮኸባቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ግድ የለም፣ አባባ» አልኳቸው።

ጉብታዎቹ መሃል ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዳዊትን እጁን ይዤ ሳብኩት፣ እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ያኔ አለቀስኩ።